ኮምፒዩተር አልነሣም ሲል ምን ይደረጋል?

የብራና መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠሉ ተገንጥሎ ቢጠፋ፣ መጽሐፉን ወደ እሳት የሚጥል ሰው የለም። ሌላ ደኅና ቅጂ ይፈለጋል፤ የጐደለው ቅጠል ከዚያ ተገልብጦ በቦታው ይሰፋል፤ መጽሐፉም እንደ ቀድሞው ይነበባል። ዛሬ የምንናገርለት የኮምፒዩተር ብልሽት ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ኾኖ ሳለ፣ በችኰላ ምክንያት መጽሐፉ በሙሉ ሲቃጠል እናያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ሲበራ አስቀድሞ በውስጡ የተቀመጠው አጭር መመሪያ ይነሣል፤ እርሱም የማስነሻውን ፋይል ከዲስኩ ይፈልጋል፤ ማስነሻው ደግሞ ዊንዶውስ የተባለውን ሥርዐት ይቀሰቅሳል። ከእነዚህ አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መሣሪያው «ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ» ወይም ይህን የመሰለ ቃል ጽፎ ይቆማል። ትርጓሜውም «ማስነሻው አልተገኘም» ማለት ነው እንጂ «ጽሑፍህ ጠፋ» ማለት አይደለም።

ጂንካ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በኮምፒዩተር የሚያዘጋጁ ወጣቶች በከተማዪቱ አሉ። በየቤቱም የክርስትና፣ የሠርግና የሙታን ፎቶግራፍ በዚሁ ዕቃ ተጠብቆ ይኖራል። በቱርሚ ወይም በኦሞራቴ የሚያስተምር መምህር ግን የጥገና ባለሙያ በደጁ ላያገኝ ይችላል። ባለሙያ ቢያገኝም አንዳንዱ ሳይመረምር «ፎርማት ይደረግ» ይላል። ፎርማት ማለት ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ስለ ኾነ፣ የአራት ዓመት ድካም ወይም የሟች እናት መልክ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ የፈሰሰው ሁሉ ተለቅሞ የሚገኝ አለመኾኑ ግን የባሰ ነው።

አንድ ፋይል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ዓለም ሁሉ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. አይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን እንዳይነሡ አድርጎ፣ አውሮፕላን ማረፊያዎችንና ሆስፒታሎችን አስቸገረ። መድኀኒቱ በ«ሴፍ ሞድ» ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት ነበር፤ ዲስኩን መጥረግ አላስፈለገም።

እንግዲህ በቤት የሚደረገውን በቅደም ተከተል እንናገር። በመጀመሪያ የተጻፈውን ቃል በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፤ የፋይሉ ስም የሕመሙን ቦታ ያመለክታልና። ሁለተኛ፣ የተሰካ ፍላሽ ካለ ነቅሎ እንደገና ማስነሣት፤ ኮምፒዩተሩ ማስነሻውን በፍላሹ ውስጥ ሲፈልግ ይኾናልና። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፍቶ ለባለሙያ መስጠት ይገባል፤ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሳል።

ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ 10 እና 11 ለመነሣት ደጋግመው ሲያቅታቸው የጥገናውን ገጽ ራሳቸው ይከፍታሉ። በዚያ «ትራብልሹት»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያም «ስታርታፕ ሪፔር» የሚለውን መምረጥ ነው። ማስነሻው ራሱ ከጠፋ ይህ ገጽ ላይከፈት ይችላል፤ ያን ጊዜ በሌላ ኮምፒዩተር፣ ከማይክሮሶፍት በነጻ የሚገኘውን ማዘጋጃ ይዞ፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ ይሠራል። ፍላሹ በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጣ ባዶ ይኹን። በእርሱ ሲነሣም መጫኑን ትቶ «ሪፔር ዩር ኮምፒዩተር» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ «ኤስኤፍሲ ስላሽ ስካንናው» የተባለው ትእዛዝ፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሲሰጥ፣ የሥርዐቱን ፋይሎች መርምሮ የተበላሸውን ከተቀመጠው ደኅና ቅጂ ይተካል። ይህ ከላይ የተናገርነው የብራናው እርማት ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ፎርማት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ዲስኩ ተነቅሎ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ይገናኝና ጽሑፉና ፎቶግራፉ ይገልበጥ። ዲስኩ በ«ቢትሎከር» የተቈለፈ ከኾነ 48 አኃዝ ያለው ቍልፍ ስለሚጠየቅ፣ ቍልፉን አስቀድሞ በወረቀት መዝግቦ ማኖር ይገባል። ባለሙያውንም «ፋይሌን ሳትገለብጥ አትጥረግ» ማለት የባለቤቱ መብት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና መከላከሉ ይበልጣል። ፋይል በሚጻፍበት ጊዜ መብራት ድንገት ቢጠፋ ጽሕፈቱ በመካከል ተቋርጦ ይበላሻል፤ ስለዚህ ባትሪ የሌለው ኮምፒዩተር ዩፒኤስ የተባለውን የኀይል ማቆያ ይሻል። ዊንዶውስ በሚታደስበት ሰዓትም ማጥፋት አይገባም። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ ሊያመጣ ስለሚችል ሳይመረመር አይከፈት። ከሁሉ በላይ የከበረ ጽሑፍ ኹለት ቅጂ ይኑረው፤ አንዱም ከቤት ውጭ፣ በዘመድ ወይም በታመነ ሰው ዘንድ ይቀመጥ። የሥርዐቱ ፋይል ከማይክሮሶፍት ዘንድ ሁልጊዜ ይገኛል፤ የልጆቻችን ድካምና የወላጆቻችን መልክ ግን እኛ ካላኖርነው በቀር ሌላ ቅጂ የለውም።