የሰማይ ላም ሻጮች

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት መርካቶ ውስጥ የማያውቅ ነጋዴ የለም። ዕቃው መጋዘን ሳይገባ፣ መኪናው ከጅቡቲ ሳይነሳ ቀብድ የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው። በአሜሪካ መካከለኛ ሜዳዎች ግን ይህችኑ የሰማይ ላም በግልጽ ዋጋ አውጥተው፣ ቀብድ ተቀብለውና ደረሰኝ ቆርጠው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ላሟ ትታለብ አትታለብ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ገዢው ግን ውቅያኖስ ተሻግሮ ጭምር ይመጣል።

ንግዱ አውሎ ነፋስ እያሳደዱ ማስጎብኘት ነው። ቶርኔዶ የሚባለውንና ከደመና እስከ መሬት የሚደርሰውን ጠመዝማዛ ነፋስ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት ወይም ለ10 ቀናት ጉዞ ከ2,500 እስከ 4,000 ዶላር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከፍላል። በቫን ተጭኖ ቴክሳስን፣ ኦክላሆማን፣ ካንሳስንና ነብራስካን ያካልላል። በውሉ ላይ ቶርኔዶ ላይታይ እንደሚችልና ባለመታየቱም ገንዘብ እንደማይመለስ ተጽፏል። ገዢው ይህን አንብቦ ይፈርማል።

እዚህ ላይ የንግድ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ አለ። የሚሸጠው ዕቃ በሻጩ እጅ ከሌለ፣ አስጎብኚው የሚሸጠው ምንድን ነው? መልሱ በማስታወቂያው ላይ ከተለጠፈው ፎቶግራፍ ጋር አይገጥምም። ማስታወቂያው የሚሸጠው ቅርበትን ነው። አስጎብኚው ለደንበኛው የሚያተርፍለት ግን ርቀትን ነው። የዚህ ንግድ ዋነኛ ችግርም ገበያው ለቅርበቱ እየከፈለ ለርቀቱ አለመክፈሉ ነው።

ከትርፍ ጊዜ ወደ ንግድ

ሥራው ሲጀመር ንግድ አልነበረም። የሰሜን ዳኮታው ዴቪድ ሆድሊ አውሎ ነፋስ ማሳደድ የጀመረው በ1956 ነበር (እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው ሰው በ1977 የአሳዳጆችን መጽሔት አቋቋመ። ጊዜው ራዳር በእጅ የማይያዝበት፣ መረጃ የሚገኘውም ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤትና ከመንገድ ዳር ስልክ የነበረበት ነው። ክፍያ የሚጠየቅባቸው ጉብኝቶች የተስፋፉት በ1990ዎቹ ሲሆን፣ በ1996 የወጣው «ትዊስተር» የተባለው ፊልም ለገበያው ትልቅ ማስታወቂያ ሆነለት። በ2024 ተከታዩ ፊልም ሲወጣም የሕዝቡ ትኩረት እንደገና ወደዚያው ሜዳ ዞረ።

የሸቀጡ አመራረት ደግሞ ይህን ይመስላል። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ይነሣል። ከምዕራቡ ደጋ ደረቅ አየር ይመጣል። ከላይ ደግሞ ቀዝቃዛና ፈጣን ነፋስ ያልፋል። ነፋሱ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ፍጥነቱና አቅጣጫው የሚለዋወጥ ከሆነ፣ የሚነሣው ደመና በራሱ ዛቢያ መሽከርከር ይጀምራል። ሱፐርሴል የሚባለው ይህ ደመና ነው። ከሱፐርሴሎች ውስጥ ቶርኔዶ የሚያወርዱት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ከወረደም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆየው 10 ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ በታች ነው። በመላው አሜሪካ በዓመት በአማካይ 1,200 ያህል ቶርኔዶዎች ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ብዙ ይመስላል። ከአገሩ ስፋትና ከእያንዳንዱ ዕድሜ ማጠር ጋር ሲመዘን ግን በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው መንገድ ላይ መገኘት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ አስጎብኚው ጠዋት ሞቴሉ ውስጥ ቁርሱን እየበላ የሚሠራው ሥራ፣ የእህል ነጋዴ ከመኸር በፊት ከሚያደርገው ግምት ጋር ይቀራረባል። ኦክላሆማ ኖርማን ከተማ የሚገኘው የአውሎ ነፋስ ትንበያ ማዕከል የቀኑን የሥጋት ካርታ በአምስት ደረጃ ከፍሎ ያወጣል። አስጎብኚው ካርታውን ያያል፣ የነፋሱንና የእርጥበቱን አኃዝ ያነጻጽራል፣ ከዚያም «ዛሬ ወደዚህ» ብሎ ይወስናል። ውሳኔው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የአንድ ቀን ጉዞ ሊያስከትል ይችላል። ከሰዓት በኋላ ደመናው በሌላ ግዛት ቢነሣ የቀኑ ነዳጅና የደንበኞቹ ትዕግሥት አብረው ይቃጠላሉ።

ሒሳቡ ሲሠራ

ለስሌት እንዲመች ስድስት መንገደኞች እያንዳንዳቸው 3,000 ዶላር ከፍለው ለ10 ቀናት ተሳፈሩ እንበል። ገቢው 18,000 ዶላር ነው። ዋናው የቶርኔዶ ወቅት ከኤፕሪል እስከ ጁን ስለሆነ በአንድ ቫን ሰባት ያህል ጉዞ ቢደረግ 126,000 ዶላር ይገኛል። ይህ ያልተጣራ ገቢ ነው። በአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 6,000 ኪሎ ሜትር ሊነዳ ይችላል። በሌሊት አምስት የሞቴል ክፍል ቢያዝ በ10 ሌሊት 50 ክፍል ይከፈላል። የቫኑ ኢንሹራንስ፣ በበረዶ የሚሰበረው የፊት መስታወት፣ ጎማው፣ የራዳር መረጃው፣ የሹፌሩና የአስጎብኚው ደመወዝ ከዚያው ላይ ይወጣል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ቫኑ ለወራት ሊቆም ይችላል። ለዚህም ነው ከአስጎብኚዎቹ ብዙዎቹ በቀረው የዓመቱ ክፍል በሌላ ሥራ የሚተዳደሩት።

የሥጋቱ ክፍፍልም መታየት አለበት። ሰማዩ ባዶ ከሆነ ኪሳራው የደንበኛው ነው፤ ገንዘቡ አይመለስለትምና። ስሙ የሚጎዳው ግን አስጎብኚው ነው። ደንበኛው አገሩ ገብቶ «10 ቀን ቫን ውስጥ ተቀምጬ ሜዳ ስቆጥር ከረምኩ» ሲል ለሚቀጥለው ዓመት የሚመዘገበው ሰው ይቀንሳል። በተቃራኒው በቅርብ የተነሣ አንድ ቪዲዮ ለድርጅቱ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሠራል። አስጎብኚው ጉርሻ የሚያገኝ ከሆነም ከሜዳ ቆጠራ ሳምንት ይልቅ በቶርኔዶው ሳምንት የደንበኛው እጅ እንደሚፈታ መገመት አያስቸግርም። ሁሉም ነገር አንድ ምክር ይሰጠዋል፤ ጠጋ በል ይለዋል።

የርቀት ዋጋ

ጠጋ ማለት ምን እንደሚያስከፍል ለማየት ብዙ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ሜይ 31 ቀን 2013 ኦክላሆማ ውስጥ ኤል ሪኖ ከተማ አጠገብ የወረደው ቶርኔዶ ስፋቱ 4.2 ኪሎ ሜትር ደረሰ። እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ይኸው ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ አቅጣጫውን ቀየረ፣ ፈጠነ፣ ሰፋ። በዚያ ቀን ከሞቱት ሰዎች መካከል ቲም ሳማራስ፣ ልጁ ፖልና የሥራ ባልደረባቸው ካርል ያንግ ይገኙበታል። ሳማራስ ጀብደኛ አልነበረም። በ2003 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ መሣሪያ መንገዱ ላይ አስቀምጦ በቶርኔዶ ውስጥ የ100 ሚሊባር የአየር ግፊት ቅናሽ የለካ፣ በጥንቃቄውም በሙያ ጓደኞቹ የተመሰገነ ተመራማሪ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው የበላ ሰማይ፣ ስድስት እንግዶች ጭኖ ለሚከተለው አስጎብኚ አይራራም።

ሜይ 28 ቀን 2019 ደግሞ ካንሳስ ውስጥ ሎውረንስ ከተማ አቅራቢያ በዝናብ የተሸፈነ ቶርኔዶ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ቫኖችን መትቶ ገልብጦ መንገደኞችን አቁስሏል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። በውሉ ላይ የሰፈረው ፊርማ ድርጅቱን ከክስ ይከላከልለት ይሆናል እንጂ ቫኑን ከነፋስ አይከላከልም።

ይሁንና በዚህ ሥራ ውስጥ ያለው አደጋ የነፋሱ ብቻ አይደለም። በ2017 ቴክሳስ ውስጥ የሁለት አሳዳጆች መኪኖች መስቀለኛ መንገድ ላይ ተጋጭተው ሦስት ሰዎች ሞተዋል። በ2022 የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሦስት የአየር ጠባይ ተማሪዎች አሳደው ሲመለሱ በእርጥብ መንገድ ላይ መኪናቸው ተንሸራቶ በከባድ መኪና ተመትተው ሕይወታቸው አልፏል። ሁለቱም ጊዜ የገደለው መንገዱ ነው። ፍጥነት፣ ድካም፣ ጨለማና ዝናብ በማስታወቂያው ፎቶግራፍ ላይ አይታዩም። ደንበኛውም ስለእነዚህ አይጠይቅም።

ጥሩ አስጎብኚ እነዚህን ሁሉ ቀድሞ ያስባል። ደመናው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚጓዝ ቫኑን በደቡብ ወይም በደቡብ ምሥራቅ በኩል ያቆማል። ከዚያ በኩል እይታው ይጠራል፣ ማምለጫውም ክፍት ነው። ዝናቡንና በረዶውን ሰንጥቆ አያልፍም። ከመቆሙ በፊት መውጫ መንገዱን ያያል፤ አስፋልት ነው ወይስ ጭቃ? ከፊት ድልድይ አለ? ሌሎች አሳዳጆች መንገዱን ዘግተውታል? አንዱ ካላማረው «ተነሡ» ይላል። በዚያች ሰዓት ከኋላ የሚሰማው ጉርምርምታ ነው። ሦስት ሺሕ ዶላር ከፍሎ ከሌላው የዓለም ጫፍ የመጣ ሰው፣ ደመናው መሽከርከር በጀመረ ሰዓት ጀርባውን እንዲያዞርለት ይገደዳል። ያልደረሰ አደጋ ደግሞ ፎቶግራፍ የለውም።

«ፈርሟልና ይቅመሰው»?

የነፃ ገበያ ወዳጆች መልስ አላቸው። ደንበኛው ለአካለ መጠን የደረሰ ነው፣ ውሉን አንብቧል፣ ፈርሟል፤ መጥፎ አስጎብኚ ደግሞ ውሎ አድሮ ከገበያ ይወጣል ይላሉ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ያልተማሩ ጀማሪዎች በየራሳቸው መኪና ከሚያሳድዱ ይልቅ በሙያተኛ መሪነት ቢሄዱ እንደሚሻል አይካድም። አስጎብኚዎች ያዩትን ለአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በመደወል ለማስጠንቀቂያ የሚረዳ መረጃ መስጠታቸውም ይታወቃል።

ክርክሩ የሚሳተው ግን ገዢው ምን እንደሚያውቅ ሲታሰብ ነው። ቡና ገዢ ናሙናውን አፍልቶ ይቀምሳል። የቤት ገዢ ግድግዳውን ያንኳኳል። የአውሎ ነፋስ ጎብኚ ግን ብልኁን አስጎብኚ ከዕድለኛው የሚለይበት መንገድ የለውም። ሁለት መቶ ሜትር ተጠግቶ በሰላም የተመለሰው አስጎብኚ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመው የተሻለ መስሎ ይታያል። ገበያው መጥፎውን የሚያጣራው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። የሚጣራው ደግሞ ሸቀጥ አይደለም፤ ቫን ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

ስለሆነም ባለድርጅቶቹ ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። አንደኛ፣ የአስጎብኚው ደመወዝ ለወቅቱ በሙሉ የተቆረጠ ይሁን፤ ጉርሻ ካለም ከጉዞው በፊት በዋጋው ውስጥ ይካተት። ሁለተኛ፣ የሚነዳውና ራዳሩን የሚያነበው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ የመንዳት ሰዓትም ገደብ ይበጅለት። ሦስተኛ፣ ማስታወቂያው ካለፉት ጉዞዎች ውስጥ ስንቱ ያለ ቶርኔዶ እንዳለቀና ስንት አደጋ እንደደረሰ ይናገር። ባዶውን ቀን የሚደብቅ ድርጅት፣ ባዶ ቀን በመጣ ጊዜ አስጎብኚውን ወደ አደጋ መግፋቱ አይቀርም። ወጪው ከፍ ይላል፣ ዋጋውም ይጨምራል። የጨመረው ግን የርቀቱ ዋጋ ነውና ደንበኛው ቢከፍል ተገቢ ነው።

አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። በ2018 የታተመ ጥናት ከ1979 ወዲህ ለቶርኔዶ የሚመቸው የአየር ሁኔታ በሜዳዎቹ እየቀነሰ ወደ ደቡብ ምሥራቁ ግዛቶች ማዘንበሉን አሳይቷል። እዚያ ዛፍና ኮረብታ ዓይን ይጋርዳል፤ በሌሊት የሚመጣውም ይበዛል፤ ሕዝቡም ተጠጋግቶ ይኖራል። ንግዱ ላሟን ተከትሎ ወደዚያ ከሄደ፣ ዛሬ በሜዳው ላይ ያለው የማምለጫ መንገድ አብሮ አይሄድለትም።

በመጨረሻም ስለ ሜዳው ባለቤቶች አንድ ነገር መነሣት አለበት። በ2007 ካንሳስ ውስጥ ግሪንስበርግ የተባለችው ከተማ 95 በመቶ ያህሏ በአንድ ሌሊት ፈርሷል። በ2013 ኦክላሆማ ውስጥ ሙር ከተማ 24 ሰው ሞቷል። ገበሬው እንዳይመጣ የሚጸልይበትን ነገር ጎብኚው እንዲመጣ ከፍሎ ይጠብቃል። አስጎብኚው በሁለቱ መካከል ቆሟል። ነፋሱ ቤት በነካ ሰዓት ካሜራውን አስቀምጦ ቫኑን የዕርዳታ መኪና ማድረግ፣ ወይም ቢያንስ ለአምቡላንሱ መንገድ መልቀቅ የእርሱ ፈንታ ነው። ያን ዕለት የሚጠብቁት መንገደኞች የከፈሉበት ሰዓት እንደባከነ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

በደላላነት የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ገዢ ይዞ ቤቱ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ካርታው ዕዳ እንዳለበት ሰምቶ «ይቅርብህ» ያለ ደላላ በዚያ ቀን ኮሚሽን የለውም። ሦስት ሳምንት የተንከራተተበት ይቀራል፣ ገዢውም ሳያመሰግነው ሊሄድ ይችላል። በኦክላሆማ መንገድ ላይ ቫኑን ያዞረው አስጎብኚም ማታ ሞቴል ሲደርስ የሚጠብቀው እንዲሁ ያለ ዝምታ ነው። ነገ ጠዋት ግን ስድስቱም ቁርስ ላይ ይቀርባሉ፤ እርሱም ካርታውን ዘርግቶ እንደገና ይጀምራል።