ጆሮ ጠቢና የቋንቋ ዘበኞች

የስለላ ፊልም አፍቃሪ ወጣቶች በጨዋታ የሚፈጥሩት ቃል አማርኛን ያረክሳል የሚሉ የቋንቋ ዘበኞች አሉ። ለመሆኑ ሰላዩን «ጆሮ ጠቢ» ያለው ማን ነው? ፌዝ ዐዋቂው ሕዝብ አይደለምን? ጄምስ ቦንድ እ.ኤ.አ. በ1962 በ«ዶክተር ኖ» በሸራ ላይ ብቅ ከማለቱ አስቀድሞ፣ አዝማሪውና ነጋዴው ባዕድ ጆሮ የማይደርስበት የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ቮልፍ ሌስላውም እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ከቢቸና እስከ ሞጣ የተዘረጋው የቅኔ አገርስ ወርቁን በሰም መሸፈንን ለተማሪው ሲያስተምር የኖረ አይደለምን? እንግዲህ የዚያ አገር ልጅ ለፊልሙ ሰላይ የፌዝ ስም ቢያወጣለት የአያቶቹን ሙያ ቀጠለ እንጂ አልካደም። ሊነቀፍ የሚገባው የባዕዱን ቃል ሳያላምጥ የሚደግም ነው፤ አላምጦና አጣፍጦ የራሱ የሚያደርገውን ግን ዘበኞቹ «እለፍ» ይበሉት።