ቸኮሌት፣ አምሮትና እንክብል

አማርኛ ሁለት ዓይነት ፍላጎቶችን ለይቶ ይጠራል። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ከሕመም ያገገመ ሰው አንድን ምግብ ብቻ ነጥሎ ሲያሰኘው «አምሮት» ይባላል፤ ቡና የለመደ ሰው ሳይጠጣ ውሎ ራሱን ሲያመው ግን ስሙ «ሐራራ» ነው። የመጀመሪያው ጣዕምንና ትዝታን ይሻል፤ ሁለተኛው ሰውነት የለመደውን ንጥረ ነገር ይጠይቃል። ስለ ቸኮሌት የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ይህን ልዩነት ስለሚዘነጋ አምሮቱን ሐራራ አድርጎ ያቀርበዋል።

ለዚህ የሚጠቀሰው ማስረጃ ኬሚካዊ ነው። ካካዎ ቲኦብሮሚንና ጥቂት ካፌይን አለው፤ ፌኒልኤቲላሚንም ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኔቸር በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ካናቢስ የሚነካቸውን የአንጎል ተቀባዮች የሚነካውን አናንዳሚድን በቸኮሌት ውስጥ ማግኘቱን ገለጸ፤ ዜናውም ብዙ ተወራለት። ይሁንና የአናንዳሚዱ መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። ፌኒልኤቲላሚንም ቢሆን አንጎል ሳይደርስ አብዛኛው በሰውነት ኢንዛይም ይፈራርሳል። የማግኒዥየም እጥረት ነው የሚሉም አሉ፤ የዱባ ፍሬ በማግኒዥየም ከጥቁር ቸኮሌት ይበልጣል፤ የዱባ ፍሬ ሱሰኛ ነኝ የሚል ግን አልተሰማም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ዊላ ሚችነርና ፖል ሮዚን ያሳተሙት ሙከራ ጉዳዩን በቀላል መንገድ ፈትኖታል። ቸኮሌት አዘውትሮ የሚያምራቸው ተሳታፊዎች፣ አምሮቱ በተነሣባቸው ጊዜ፣ በየተራ ወተት ያለበት ቸኮሌት፣ ነጭ ቸኮሌት፣ የካካዎ ዱቄት የያዘ እንክብል ወይም ባዶ እንክብል እንዲወስዱ ተደረገ። ነጭ ቸኮሌት የካካዎ ቅቤ እንጂ ዱቄቱ የለበትም፤ እንክብሉ በተቃራኒው ንጥረ ነገሮቹን ይዞ ጣዕሙን አይሰጥም። አምሮቱን ከሁሉ በላይ ያስታገሠው ወተት ያለበት ቸኮሌት ነበር፤ ነጩም በከፊል ረድቷል። የካካዎው እንክብል ግን ከባዶው አልተሻለም፤ ከነጩ ቸኮሌት ጋር ተደርቦ ሲሰጥም የጨመረው ነገር አልነበረም። የቡና ሐራራ ያለበት ሰው ካፌይን በእንክብል ቢሰጠው ራስ ምታቱ ይለቀዋል። የቸኮሌቱ ጉዳይ እንዲህ አይደለም።

እንግዲህ የሚፈለገው የስኳርና የስብ ውሕደት፣ መዓዛው፣ እንዲሁም ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ዝቅ ባለ ሙቀት አፍ ውስጥ የሚቀልጠው የካካዎ ቅቤ ነው። ባህልም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ ቸኮሌት የሚያምራቸው ሴቶች ከወንዶች ጎልተው ሲበልጡ በስፔን ልዩነቱ ይጠብባል፤ በግብፅ በተደረገ ጥናት ደግሞ አምሮቱ በአብዛኛው ያዘነበለው ወደ ጣፋጭ ሳይሆን ወደ ጨዋማ ምግብ ነበር። ሆርሞን ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ ይህ ልዩነት ከአገር አገር ባልተለዋወጠ ነበር። ለዚህም ነው የአምሮት መጠይቅ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተመራማሪ በቃሉ ምርጫ ሊጠነቀቅ የሚገባው፦ «ሱስ» ብሎ የጠየቀና «አምሮት» ብሎ የጠየቀ አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም፤ የመጀመሪያው መልስ ሰጪውን ገና ከጥያቄው ሕመምተኛ ያደርገዋል።

እንክብሉ በጤናው ክርክርም ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ጊዜ ግን በተገላቢጦሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ኮስሞስ የተባለ የአሜሪካ ጥናት 21,442 አረጋውያንን አሳትፎ በቀን 500 ሚሊ ግራም የካካዎ ፍላቫኖል ያለውን ውጤት መርምሯል። በጠቅላላው የልብና የደም ሥር ሕመም ክስተት ላይ በስታቲስቲክስ ጉልህ የሆነ ቅነሳ አልታየም፤ በሁለተኛ ደረጃ በተያዘው መለኪያ፣ ማለትም በእነዚሁ ሕመሞች ምክንያት በሚደርስ ሞት ላይ፣ ግን የ27 በመቶ ቅነሳ ተመዝግቧል። ጥናቱን ከደገፉት አንዱ ቸኮሌት አምራቹ ማርስ መሆኑ ውጤቱን ሐሰት አያሰኘውም፤ አንባቢ ግን ሊያውቀው ይገባል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ተሳታፊዎቹ የዋጡት እንክብል ሆኖ ሳለ ምስጋናው ወደ ቸኮሌት መዞሩ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ለካካዎ ዱቄት የተገደበ የጤና መግለጫ ሲፈቅድ፣ ማስረጃው በጣም ውስን መሆኑንና ፈቃዱ ፍላቫኖሉ ከፍ ላለ ዱቄት እንጂ ለተራ ካካዎም ሆነ ለቸኮሌት እንደማያገለግል አስታውቋል።

ፍላቫኖል መራራ ነው። ካካዎው በአልካሊ ሲታከም ምሬቱ ይለዝባል፤ ፍላቫኖሉም አብሮ ይቀንሳል። በሙከራው አምሮትን ከሁሉ በላይ ያስታገሠው ወተት ያለበት ቸኮሌት ደግሞ በ100 ግራም ውስጥ 50 ግራም ያህል ስኳር አለው። ይህም የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ አዋቂ ከፍተኛ ወሰን ካደረገው የተጨማሪ ስኳር መጠን ጋር እኩል ነው።