አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከክፍል ውጭ ሲማሩ፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ሙቀቱ ጋብ የሚልባቸው ወራት ሲመጡ፣ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የግቢው ጥላና ሣር ሌላ የመማሪያ ክፍል ይሆናል። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ በለሰለሰ የክሊኒክ ወለል ላይ የተማረውን እርምጃ በአሸዋ ወይም በዳገት ላይ መልሶ መማር አለበት፤ ሚዛን የሚጠበቀውም ጡንቻ የሚጠነክረውም እዚያ ነው። አንድ ልጅ ተሻለው የሚባለው ከመኪና እስከ ቤቱ በር በራሱ ሲደርስ እንጂ በመዝገብ ላይ በሚሰፍር ነጥብ ብቻ አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1904 በበርሊን አቅራቢያ በሻርሎተንበርግ የተከፈተው የጫካ ትምህርት ቤት ለደካማ ሕፃናት ንጹሕ አየርን፣ ምግብንና ዕረፍትን ከትምህርት ጋር ያቀናጀ ነበር። በኤምሬትስ ደግሞ መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሏል፤ የሻርጃ የሰብዓዊ አገልግሎት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የዱባዩ አል ኑር በ1981፣ የራሺድ ማዕከል በ1994 ሥራ ጀምረዋል። የ2006ቱ የፌዴራል ሕግ ቁጥር 29 የአካል ጉዳተኞችን የመማር መብት ያረጋገጠ ሲሆን፣ ከ2017 ጀምሮ በይፋ የሚጠሩት «የቁርጠኝነት ባለቤቶች» በሚል ስያሜ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ ግን የዋህ መሆን አይገባም። ፀሐይ በማይጠፋበት በባሕረ ሰላጤው አካባቢ የቫይታሚን ዲ እጥረት በስፋት ይታያል፤ ሰው አብዛኛውን ቀን በቤት ውስጥ ስለሚውል ነው። የማይራመድ ልጅ አጥንቱ በቀላሉ ይሳሳል፤ አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችም ቫይታሚኑን ይቀንሳሉ። ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት፣ ሪኬትስ ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። እናቶቻችን ሕፃኑን ለጠዋት ፀሐይ ማውጣታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በሌላ በኩል፣ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 (እ.ኤ.አ.) ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሠራተኞች የተከለከለው የፀሐይ ሥራ ለሕፃናት ይበልጥ ሊጠብቅ ይገባል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ልጅ ከጉዳቱ በታች ላያልበው ይችላል፤ የተሽከርካሪ ወንበሩ ብረት ሲያቃጥለውም ላይሰማው ይችላል።

ያን ወንበር በብዙ ቤቶች የምትገፋው የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከእነርሱም መካከል የአገራችን ልጆች አሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ ልምምዱን ለወላጆች ብቻ አሳይቶ ቢያሰናብት፣ ከሰዓት በኋላ ልጁን የምታቆመው እጅ ሳይሠለጥን ይቀራል። አሠሪዎች በሥልጠናው ቀን አብራ እንድትገኝ ቢያደርጉ፣ እርሷም ቁርጭምጭሚቱ የሚደገፍበትን መንገድና የውኃውን ሰዓት ብትጠይቅ መልካም ነው።