የአሸጎዳ ነፋስ የማን ነው?

አባቶቼና እናቶቼ፣ ከመቀሌ በስተደቡብ ስትሄዱ አሸጎዳ ላይ የቆሙትን ረጃጅም ነጫጭ ምሰሶዎች አይታችኋል። ቁጥራቸው 84 ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ተመረቁ። 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ነው የተተከሉት።

በማታው የንባብ ትምህርት አንድ አባት «ልጄ፣ ነፋሱም መሬቱም የኛ ነበር። መብራቱ ታዲያ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ።

ሳይንሱ ከባድ አይደለም። አውድማ ላይ ገለባውን ከእህሉ የሚለየው ነፋስ ክንፉን ያዞራል። ክንፉ ጀነሬተሩን ያዞራል፤ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በክረምት ተከዜ ይሞላል። በበጋ ውሃው ሲቀንስ ነፋሱ ይበረታል። አንዱ ሌላውን ያግዛል ማለት ነው። ኃይሉ ግን ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ይገባል። ከዚያ ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሚወርድ ነፋስ አይወስንም። ሰው ነው የሚወስነው፣ በበጀትና በስብሰባ።

መሬቱንም እንመልከት። ያኔ ይሠራ የነበረው አዋጅ 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው ለቆ ምትክ ላላገኘ ገበሬ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ይሰጥ ነበር። አዋጅ 1161/2011 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። አሥር ይሁን አሥራ አምስት፣ ይህን የለካ መሣሪያ የለም።

ከ2013 እስከ 2015 በነበረው ጦርነትማ ሁላችሁም አይታችኋል። ነፋሱ ይነፍስ ነበር፤ እኛ ግን ለብዙ ወራት ጨለማ ውስጥ ነበርን።

አሁን ወደ ጓዳችን እንግባ። መብራት ባልገባበት ቤት ሞጎጎው የሚሞቀው በእንጨትና በኩበት ነው። ኩበቱ ሲነድ ለአፈሩ የሚሆነው ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል። ከዚያ ምን እናደርጋለን? ዩሪያ በብድር እንገዛለን! አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በጭስ የሰደድነውን መልሰን ከባሕር ማዶ በዶላር እናስመጣዋለን። መስመሩ ቢገባና የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖረን ኩበቱ ማሳ ላይ ይቀር ነበር። እዳውም ይቀል ነበር። እንግዲህ የመብራት ነገር የአምፖል ነገር ብቻ አይደለም፤ የጤፉም ነገር ነው። ይህን ለማኅበራችሁ ስብሰባ አቅርቡት። «ገና ነው» የሚል መልስ ከመጣ «መቼ?» በሉ። ቀኑም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።

ያ የጠየቁኝ አባት ጥያቄያቸውን ደብተራቸው ላይ አስፍረዋል። «ትራንስፎርመሩ መቼ ይመጣል? ማንስ ይከፍላል?» ይላል። «ትራንስፎርመር» የሚለውን ቃል አንድ ፊደል ሳይስቱ ነው የጻፉት።