«ትንሽ ይታገሡ» ለሚሉኝ የወላጆችና የትምህርት ቤት አገናኝ

ይድረስ ለተከበሩ እህቴ፤

ባለፈው ሳምንት ደውለው «ትምህርት ቤቱ ለልጅዎ የማንበብ ችግር ምርመራ ጊዜው ገና ነው ብሏል፤ እንግሊዝኛው ይጠንክርለትና፣ ትንሽ ይታገሡ» አሉኝ። አሁንም በስልክ እንጂ በጽሑፍ አይደለም።

ውለታዎን አልክድም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባን ልጄን ያስመዘገቡልኝ፣ የነፃ ምሳውን ፎርም የሞሉልኝ እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።

ልጄ ሦስተኛ ክፍል ደርሷል። በንግግር ከሆነ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምልኝ እሱ ነው። መጽሐፍ ሲገለጥለት ግን የመጀመሪያዋን ፊደል ያይና የቀረውን ይገምታል፤ «ሆርስ» የሚለውን «ሃውስ» ብሎ ያልፋል። ሰንበት ትምህርት ቤትም «በ»ን ከ«ሰ» አይለይም። ጥፋቱ የእንግሊዝኛ ከሆነ ፊደላችን ምን አደረገው?

ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። የምርመራ ጥያቄዬን ጽፌ በእጅዎ ሰጠሁ። «ይህ መምህሯን ያስቀይማል፤ እኔ በቃል አናግራቸዋለሁ» ብለው ቦርሳዎ ውስጥ ከተቱት። እዚያው ቀረ። ሕጉን ደግሞ ከእኔ በላይ ያውቁታል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1975 በተጣለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች ትምህርት ሕግ መሠረት፣ ወላጅ ጠይቆ ትምህርት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ፣ ወላጅ በሚረዳው ቋንቋ መስጠት አለበት። ትምህርት ቤቱ ከፈቀደም እኔ ከፈረምኩበት ቀን ጀምሮ ምርመራው በ60 ቀን ያልቃል። ያልገባ ወረቀት ግን አይፈቀድም፣ አይከለከልም፤ ቀኑም አይቆጠርም። በቃል የተባለውን ነገ «አላልንም» ቢሉኝ ምን ይዤ ልከራከር?

ስለ ማንበብ እክሉም «ዲስሌክሲያ የሚባል እዚህ አይጻፍም» ያሉኝ አለ። የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደብዳቤ ቃሉን በልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ (አይኢፒ) ላይ መጻፍ የሚከለክል ነገር የለም ብሏል። በ2011ም «መጀመሪያ በክፍል ውስጥ እንርዳው» እያሉ ምርመራ ማዘግየት እንደማይቻል አስታውቋል።

እርስዎ ብቻም አይደሉም። በየካውንቲው የተቀመጡ አገናኞቻችን ደመወዛቸውን ከትምህርት ቤቱ ስለሚቀበሉ ይሁን በይሉኝታ፣ እኛን ማረጋጋት ሥራቸው አድርገውታል። ጠበቃ ይዞ የሚመጣን ወላጅ ማን ታገሥ ይለዋል? «ይታገሡ» ማለቱ ከፈረንጁ ቢመጣ ይህን ያህል ባልከፋኝ፤ ከእርስዎ መምጣቱ ነው ያንገበገበኝ።

ሰኞ የምርመራ ጥያቄ ደብዳቤዬን ራሴ ትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገብቼ ቅጂው ላይ ቀን አስጽፋለሁ። ትምህርት ቤቱ እምቢ የሚል ከሆነ ምክንያቱን በአማርኛ ይጻፍልኝ። ትርጉሙን እርስዎ ቢሠሩት ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ፣
የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናት