ጤናችን፦ ለሯጩ ልጅ ምን ስንቅ እንላክ?

ገበሬ የእርሻ ወራት ሲደርስ ለበሬው መኖ ይጨምራል። በሬው ሥራ ፈቶ ሲውል የሚበላውን ያህል ብቻ በልቶ ቀኑን ሙሉ ማረስ አይችልም። ሰውም እንዲሁ ነው።

አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ብዙ የገጠር ወጣት ሩጫን ተመኝቶ አዲስ አበባ ገብቷል።

ልጃችን ጌጃ ሰፈር ተቀምጧል እንበል። ጌጃ ሰፈር በልደታ ክፍለ ከተማ ነው። ልጁ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ እንጦጦ ይሄዳል። ቀድሞ በሳምንት 1 ቀን ነበር ጠንክሮ የሚሮጠው። አሁን 3 ቀን ሆኗል። ምግቡ ግን ያው ነው። ጧት ሻይ በዳቦ፣ ማታ ሽሮ በእንጀራ። ምሳ የለም። ገንዘቡ በጫማና በመጓጓዣ ያልቃል። ልጁ ይከሳል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጉንፋን አይለቀውም። እሱ ግን የሰነፈ መስሎት ሩጫውን ይጨምራል!

ታዲያ ምን ይሻላል? ብዙ ሰው ሥጋ ወይም በቆርቆሮ የሚሸጥ ውድ ዱቄት ካልተገኘ አይሆንም ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። በ2003 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት 10 የኢትዮጵያ ሯጮች የሚበሉትን ለ7 ቀን መዝኖ ነበር። ከምግባቸው ካገኙት ኃይል ከመቶ 64 እጁ የመጣው እንደ እንጀራና ዳቦ ባሉት ውስጥ ከሚገኘው ኃይል ሰጪ ነገር ነው። ከምግብ ያገኙትም ኃይል በሥራ ካወጡት ጋር ተመጣጣኝ ነበር። ቁም ነገሩ ይኸ ነው።

እንግዲህ ከባድ ሩጫ ባለበት ቀን እንጀራው ይጨመር፣ ምሳም አይቅር። ሰዓቱም ይታሰብበት። ሩጫው እንዳለቀ ቶሎ መብላት ለነገው ጉልበት ይሰጣል። ለዚህ በሶን የሚያህል የለም። አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ቤት ሲደርስ ደግሞ ገንቢ ምግብ ያስፈልገዋል። እንቁላል ወይም ወተት ካለ ደግ፣ ከሌለ ሽሮ፣ ምስር ወይም የባቄላ ነፍሮ ከእንጀራ ጋር ይብላ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር አይጠጣ። በምግቡ ውስጥ ያለው ደም የሚሠራው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ምስርና ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ግን ይረዳል።

ጾሙን ይተው አንልም። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ከሆነ ከባዱን ሩጫ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ያድርገው። በረጅሙ ጾም ግን ሩጫው ከሚበላበት ሰዓት ጋር ይቀራረብ፣ ተልባና ሰሊጥም አይለየው። በረመዳን የሚጾመውም ከባዱን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ያስጠጋው።

ስለ ሴት ልጆች አንድ ነገር አለን። እናቶች፣ ይህን ሳታፍሩ ንገሯቸው። ሯጭ ልጅ የወር አበባዋ ከቀረ «ሩጫው ነው» ተብሎ አይታለፍ። ምግቧ ከሥራዋ እንዳነሰ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከቆየች አጥንቷ ይሳሳል፣ በሩጫ ላይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ምክንያቱ ሌላም ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር።

ስንቅ ስትልኩ በሶው ይብዛ። ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎና ተልባ ጨምሩበት። ከስንቁ ጋር ደብዳቤ ጻፉ። «በሳምንት ስንት ቀን ጠንክረህ ትሮጣለህ? ምሳ ትበላለህ ወይ?» በሉት። ሩጫው በዝቶ ከሆነ የሚቀጥለውን ስንቅ በዚያው ልክ ጨምሩለት።